ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም
በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ጉባኤ ላይ ከጥርስ ሕክምና ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር



የማኅበራችን ጸሓፊ ስለ ጤና እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ወባ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ የምናገር መስሎት ነበር። ከጆሮ ፊት ስላለችው ትንሽ መገጣጠሚያ እናገራለሁ ባልሁት ጊዜ ፈገግ አለና፥ «ይህ ደግሞ የሰው ችግር ነውን?» አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን በምግብ አዳራሽ አግኝቶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ለመሆኑ እኔ ሳዛጋ ቀጭ የሚለው ነገር ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ስለዚህ ንግግሬን ለጸሓፊያችን መልስ በመስጠት እጀምራለሁ።

እስቲ ሁላችሁም ሌባ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት አድርጉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፥ መልሳችሁም ግጠሙ። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ራስ ነው። ይህ ራስ ከራስ ቅል ጋራ በሚገናኝበት ጉድጓድ ውስጥ መጀመሪያ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ አፍ ይበልጥ ሲከፈት ግን ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ግራና ቀኙም የአንድ አጥንት ሁለት ጫፎች ስለ ሆኑ አንዱ ያለ ሌላው ሊንቀሳቀስ አይችልም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ደግሞ መካከሏ የሳሳ፥ ዳርና ዳሯ ወፈር ያለ፥ እንደ ትራስ የምታገለግል ለስላሳ ነገር አለች። ይህች ትራስ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ከቆየች፥ አፍ ሲከፈት ወደ ቦታዋ ስትመለስ ቀጭ ትላለች። ቀጭታው ሕመም ከሌለው፥ አፍም እንደ ልብ የሚከፈት ከሆነ፥ ምንም ሕክምና አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላቸው ጤነኛ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ጸሓፊያችን ተረጋግቶ ያዛጋ።

አሁን ደግሞ መዳፋችሁን በጉንጫችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥርሳችሁን ግጠሙ። ያበጠውና የጠነከረው ነገር ዋናው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። መዳፋችሁን ከዐይናችሁ ጎን፥ ጠጉር ወደሚጀምርበት ቦታ ብትወስዱት ሁለተኛውን ታገኙታላችሁ። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ከምንለው ውስጥ አብዛኛው የሚነሣው ከአጥንቱ ሳይሆን ከነዚህ ጡንቻዎች ነው። ሕመሙ ግን በቦታው አይቀመጥም። ወደ ጆሮ ይሄዳል፥ ጥርስ የታመመ ያስመስላል፥ ራስ ምታት ሆኖ ይነሣል፥ ወደ አንገትም ይወርዳል። እንግዲህ በሽተኛው አንድ ጊዜ ወደ ጆሮ ሐኪም፥ አንድ ጊዜ ወደ ጥርስ ነቃይ፥ አንድ ጊዜ ወደ መድኃኒት መደብር የሚንከራተተው ስለዚህ ነው።

እኔም ከተንከራተቱት አንዱ ነኝ። ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳወቅሁት እንዳይመስላችሁ ታሪኬን ልንገራችሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፥ የፈተና ሰሞን፥ በግራ ጆሮዬ ፊት ሕመም ጀመረኝ። ጠዋት ስነሣ መንጋጋዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይሆንብኛል። አብሮኝ የሚተኛው ጓደኛዬ ለደግ ብሎ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አፍልቶ በጆሮዬ አንጠባጠበልኝ፤ ከጆሮዬ ቃጠሎ በቀር ያተረፍሁት ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሕክምና ቤት ሄድሁ። እዚያ የነበሩት ሰው አፌን ከፍተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይህ የኋለኛው መንጋጋ ጥርስህ ነው፤ ይነቀል» አሉኝ። እኔም ከፈተናው በፊት ለመገላገል ቸኩዬ እሺ አልሁ። ጥርሱን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ወደ መኝታ ቤት ተመልሼ በመብራት ባገላብጠው አንድ ቀዳዳ እንኳ አልነበረበትም። በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ በቦታው ነበር።

ይህ ከሆነ ከብዙ ወራት በኋላ፥ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ከጀመርሁ ወዲያ፥ አንድ መምህሬ ስለ ጡንቻ ሲያስተምሩ እኔን ማሳያ አድርገው ጉንጬን በሁለት ጣት ቢጫኑት ከወንበሬ ተነሣሁ። ለካ ሕመሜ በሙሉ እዚያ ጣታቸው ሥር ኖሯል። ጥርሱ ግን አይመለስም። ከጎኑ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ እያጋደለ ነው፤ በግራም እንደ ልብ አላኝክም። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ዋና ነገር ከዚህ የመጣ ነው፤ ይኸውም የዚህ ሕመም አብዛኛው በቀላልና ሊመለስ በሚችል ነገር የሚሻል ስለ ሆነ፥ ሊመለስ የማይችለውን ማንም አስቀድሞ እንዲያደርግባችሁ አትፍቀዱ።

እንዲህ ያለ ስሕተት የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስና፥ በ1934 ጀምስ ኮስተን የተባሉ በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበሩ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም የ11 በሽተኞችን ታሪክ አሳተሙ። የጆሮ ሕመም መስሎ የሚታየው ነገር ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ሊመጣ እንደሚችል ማመልከታቸው ትልቅ ነገር ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን የኋላ ጥርሶች ሲወልቁ መንጋጋው ከልክ በላይ ተገጥሞ በጆሮ አካባቢ ያሉትን ነርቮች ይጫናል አሉ። ከጊዜ በኋላ የአካል አጥኚዎች ቦታውን ሲመረምሩት መጫን የተባለው ነገር እንደማይሆን አሳዩ። ሐሳቡ ግን በቀላሉ አልሞተም፤ ለብዙ ዓመታት የበሽተኞችን ጥርስ መሞረድና ከፍ ማድረግ እንደ ዋና ሕክምና ተቆጥሮ ቆየ።

ከዚህ የባሰም መጣ። በ1980ዎቹ ዓመታት እዚያው አሜሪካ ያችን ትራስ በቀዶ ጥገና አውጥቶ በምትኳ ፕሮፕላስት ቴፍሎን የተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ማስገባት ተጀመረ። የተተካው ነገር በማኘክ ብዛት እየተፈረካከሰ፥ ሰውነትም ስብርባሪውን እንደ ባዕድ እየተዋጋ፥ በዙሪያው ያለውን አጥንት በላው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1990 አስጠንቅቆ በ1991 እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች ከመጀመሪያው ሕመማቸው የከፋ ሕመም ይዘው ቀርተው ነበር። እነዚያ ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም። ቸኩለው ነበር። በሽተኞቹም ቸኩለው ነበር፤ እንደኔ።

ወደ ምክንያቱ ልመለስ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከንፈሩ ይገጠማል እንጂ ጥርሱ አይገጠምም። በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ጥቂት ክፍተት አለ። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው በማኘክና በመዋጥ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ የቀኑ ጠቅላላ ድምር ሲታይ የደቂቃዎች ነገር ነው። እኛ ግን እንዴት እንደምናጠና ተመልከቱ። በንባብ ቤት አንድ ማታ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ አንገቱን ወደ መጽሐፉ ወይም ወደ ኮምፒዩተሩ ደፍቶ፥ አገጩን በመዳፉ ደግፎ፥ ጉንጩ ተወጥሮ የማይታይ ተማሪ ጥቂት ነው። በቋንቋችንም ብርቱውን ሰው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ብለን እናመሰግናለን። ቻለው፤ ጡንቻው ግን አልቻለውም። አራት ሰዓት ሙሉ ባልዲ ውሃ እንደ ያዘ ክንድ ይዝላል።

ሌሊት ደግሞ ጥርስ የሚያፋጩ አሉ። ድሮ ጥርስ ማፋጨት የሚመጣው ከጥርስ አገጣጠም ጉድለት ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ከእንቅልፍ ሁኔታ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። ጭንቀት፥ ትምባሆ፥ መጠጥና ብዙ ቡና ከሚያባብሱት መካከል ይቆጠራሉ። በፈተና ዋዜማ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ለሚዘልቁት ይህን ያህል ብቻ ተናግሬ አልፋለሁ።

ስለ ጫት ግን አላልፍም። እንዲያነቃን ብለን የምንቅም እንዳለን እናውቃለን። ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ተይዞ ለሰዓታት ሲላመጥ የዚያ ወገን ጡንቻና መገጣጠሚያ ዕረፍት አያገኝም። በየመን በቃሚዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች የመንጋጋ ሕመምንና ቀጭታን አግኝተዋል። ማስቲካም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ቆሎንም ልጨምር፤ ቆሎ የተማሪ ስንቅ መሆኑን አልክድም፥ እኔም ወዳጁ ነኝ፤ መንጋጋው ለታመመ ሰው ግን ጠንካራ የገብስ ቆሎ እያኘኩ ማምሸት በተሰበረ እግር እንጦጦን እንደ መውጣት ነው።

አሁን በቤት ስለሚደረገው ርዳታ ልናገር። እንዳጋጣሚ ሆኖ እናቶቻችን ከሚያውቁት ብዙ አይርቅም። እኔ ለዕረፍት አገሬ ስገባ እናቴ ነገሩን ሰምታ ገና ሳልጨርስ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ጨምቃ በጉንጬ ላይ አደረገችልኝ፤ አጥሚትም አፈላች። ሐኪም የሚያዝዘውን ሁለት ዋና ነገር ሳትማር አዘዘች ማለት ነው። ፎጣው ቆዳ እንዳያቃጥል ሆኖ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ፥ በቀን ሁለት ጊዜ ቢደረግ የጠነከረውን ጡንቻ ያለዝባል። ሕመሙ በመመታት ወይም ድንገት አፍን ከልክ በላይ በመክፈት የመጣ ከሆነ ግን በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል ማድረግ ይሻላል።

ምግቡን በሚመለከት አገራችን ታድላለች። ሽሮ፥ ገንፎ፥ የረሰረሰ ፍርፍር፥ አጥሚት፥ የበሰለ ድንች፥ ክክ፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ማንም በነዚህ ደኅና ሆኖ ሊኖር ይችላል። የሚቀረው ቁርጥ፥ ቋንጣ፥ ቆሎ፥ ሸንኮራ አገዳና ደረቅ ዳቦ ነው። ጉርሻም በትንሹ ይሁን፤ ወዳጅ የሚያጎርሰው ትልቅ ጉርሻ ፍቅር ቢሆንም ለታመመ መንጋጋ ፈተና ነው። ሲያዛጉ አገጭን በጡጫ ከሥር ደገፍ ማድረግ መገጣጠሚያው ከልክ በላይ እንዳይከፈት ይረዳል። (መምህራን ሆይ፥ ከእንግዲህ በክፍል ውስጥ አገጩን የደገፈ ተማሪ ብታዩ በጥሞና የሚያዳምጥ አይምሰላችሁ።)

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገንዘብም ውሃም የማይፈልገው ነው። የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ በላንቃ ላይ ዐረፍ ይበል፤ ከንፈር ይገጠም፤ ጥርስ ይለያይ። ይህን ለማስታወስ በመጽሐፋችሁ ኅዳግ ላይ አንዳንድ ነጥብ አድርጉ፤ ዐይናችሁ በነጥቡ ላይ ባረፈ ቁጥር ጥርሳችሁ ተገጥሞ እንደ ሆነ ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ተገጥሞ ታገኙታላችሁ፤ እኔ በአንድ ገጽ አራት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል። የሌሊቱን ማፋጨት በፈቃድ ማቆም አይቻልም፤ የቀኑን መንከስ ግን ይቻላል። ከዚህ ጋራ ምላስን ከላንቃ ሳያላቅቁ አፍን ቀስ ብሎ መክፈትና መግጠም ስድስት ስድስት ጊዜ፥ በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ፥ ጉንጩንም በሁለት ጣት በዝግታ እያዞሩ ማሸት ጥሩ ነው። እስኪያም ድረስ አይሁን።

ስለ ወጌሻ ብዙዎች እንደምትጠይቁኝ ዐውቃለሁ። ወጌሻ በቅቤ ወይም በዘይት ጡንቻውን በለሆሳስ የሚያሽ ከሆነ የኛም መምህራን የሚያስተምሩት ከዚህ ብዙ አይለይም። አገጭ ይዞ በኀይል የሚጠመዝዝ ከሆነ ግን ሽሹ። ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት በጥርስ ላይ ማድረግ ለዚህ ሕመም አይረዳም፤ ነጭ ሽንኩርቱ ድድ ያቃጥላል። እንጥል ማስቆረጥና ግንባር ማስበጣትም ከደም መፍሰስና ከቁስል በቀር የሚሰጡት የለም።

ከመድኃኒት ወገን አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋራ ለጥቂት ቀን መውሰድ ሕመሙን ያበርዳል። ነገር ግን ጨጓራው ለሚታመም፥ ኩላሊቱ ለደከመ፥ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም፤ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ጠንካራ የሆኑትን የሕመም ማስታገሻዎች ለዚህ ጉዳይ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በጥቂት ሳምንት ካልተሻለ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው። ባለሙያው ጥሩ መሆኑን የምታውቁት አስቀድሞ በመጠየቁና በእጁ ጡንቻውን በመዳሰሱ ነው። ጥርስ መርምሮ፥ ጆሮ አይቶ፥ አፍ ስንት እንደሚከፈት ይለካል። ይህን መለካት እናንተም ትችላላችሁ፤ የራሳችሁን ሦስት ጣት አንዱን ባንዱ ላይ ደርባችሁ በፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። ከገባ መንጋጋችሁ እንደ ልብ ይከፈታል። ሁለት ብቻ ከሆነ፥ በተለይም ድንገት ከሆነ፥ ያች ትራስ መንገድ ዘግታ ይሆናልና ቶሎ ታዩ።

ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በ2023 ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ስለ ቆየ የመንጋጋ ሕመም መመሪያ አትሞ ነበር። አጥብቆ የመከረው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋና የአንገት እንቅስቃሴ፥ በእጅ የሚሰጥ የጡንቻ ሕክምና፥ በሽተኛው ስለ ሕመሙ እንዲረዳ ማስተማር፥ ጭንቀትንና ልማድን በምክር ማስተካከል ነው። አጥብቆ የተቃወመው ደግሞ የጥርስን አገጣጠም ለዘለቄታው የሚለውጥ መሣሪያና ትራሲቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። ሌሊት በጥርስ ላይ የሚደረገውን ወለቅ የሚል ፕላስቲክ ለሕመሙ ብዙ አልደገፈውም። ጥርሱ በማፋጨት እያለቀ ላለበት ሰው ፕላስቲኩ ጥርሱን ይጠብቅለታል፤ በዚህ መጠን ጠቃሚ ነው እላለሁ። ሕመም ያድናል ተብሎ በውድ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ግን ጥያቄ ጠይቁ። ወደ መገጣጠሚያው የሚሰጥ መርፌና ቀዶ ጥገና ለጥቂቶች፥ ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፥ በልዩ ሐኪም እጅ ብቻ ነው።

አንድ ቃል ስለ አደጋ። የመንጋጋ ሕመም ሁሉ የመንጋጋ አይደለም። ትኩሳትና እብጠት ካለ የጥርስ መግል ወይም ሌላ ቁስለት ሊሆን ይችላል። በሚስማር ወይም በእሾህ ከተወጉ በኋላ መንጋጋ ቢገጠም መንጋጋ ቆልፍ ስለሚሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ዳገት ሲወጡ መንጋጋና ደረት አብሮ የሚያም ከሆነ ልብን መመርመር ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ፥ የራሱ ጎን እያመመው፥ ዐይኑም የሚደበዝዝ ከሆነ የደም ሥር በሽታ ሊሆን ይችላልና አንድ ቀን እንኳ አይቆይ፤ ዐይን ሊጠፋ ይችላል። ይህን የምለው በቤታችሁ ስላሉት አባቶችና እናቶች ነው። አፍ ከተከፈተ በኋላ አልገጠም ቢል ደግሞ መንጋጋው ወልቆ ስለሚሆን ራሳችሁ አትግፉት።

ከዚህ ጉባኤ በፊት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደኔ መጥታ፥ በቀኝ ጆሮዋ ፊት እንደሚያማት፥ ለሰኞ ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ እንደ ያዘች ነገረችኝ። ጥርሷን የመመርመር ፈቃድ የለኝም፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ጥርሱ የታመመ መሆኑን ሳያስረዷት እንዳታስነቅል፥ ጉንጯንም ዳስሶ የሚያይ ሁለተኛ ሐኪም እንድትጠይቅ ነግሬአታለሁ። ከመምህራኖቻችን አንዱ ነገ ጠዋት ሊያዩዋት ፈቅደዋል። ሌላም እንዲህ ያለ ቀጠሮ የያዘ ካለ አብሮ ይምጣ። እንቅስቃሴውን መለማመድ የምትፈልጉ ደግሞ ወንበሮቹ እስኪነሡ ድረስ እዚሁ እቆያለሁ፤ ጸሓፊያችን ሙቅ ውሃና ሁለት ፎጣ ከወጥ ቤት አስመጥቷል።